ጉም ውስጥ የጮኸው ፍሬን

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በብስክሌት ይሄዱ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ውርንጭላዋን ከኋላዋ አሳፍራ ከገበያ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ተራራው አናት ላይ ስትደርስ ጉም ወረደ። የፊት ጎማዋ እንኳ አልታይ አላት። ይባስ ብሎ የፍሬኗ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እየነካ «ሺክ... ሺክ... ሺክ...» ይላል።

ከኋላዋ ሌላ ብስክሌት ሲንኳኳ ሰማች። አያ ጅቦ ነው፤ ቀበሮን ጭኗል።

«እማዬ፣ በዚህ ጉም ሳያየን እንዴት ይከተለናል?» አለች ውርንጭላዋ።

«ፍሬናችን ነው የሚመራው» አለች እናቲቱ።

ከፊቷ ቁልቁለት ነው፤ ከታች ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ የሚታጠፍ መንገድ። ፍሬኑ እየጮኸ ብትወርድ ጅቡ ይደርስባታል። ብስክሌቷን ቁጥቋጦ ሥር አስጠግታ ቆመች።

ድምፁ ሲጠፋ ጅቡም ቆመ። «ጠፋችብኝ! ምሳዬ ጠፋችብኝ!»

«ቀስ በል አያ ጅቦ» አለው ቀበሮ በሹክሹክታ። «እኔ አናግራታለሁ። ከመለሰች ያለችበትን እናውቃለን።» ምክሬን ከሰማች ደግሞ ገደል ሥር እናገኛታለን ሲል በልቡ ሳቀ። ከዚያም ድምፁን አለሳልሶ ተጣራ፦ «እመት አህያ! ያ ፍሬን እንዴት እንዳደከመሽ! ምን ያስለፋሻል? ፈትተሽ ጣይውና እንደ ነፋስ ውረጂ!»

አህያ ከብስክሌቷ ወረደች። ጎንበስ ብላ ፍሬኑን አየች። ዲስኩ በሁለቱ ሸራዎች መሐል መሆን ሲገባው ወደ አንዱ ተጠግቷል። ሸራዎቹን የያዘውን ብረት ሁለት ብሎኖች በመፍቻ ላላ አደረገቻቸው። ከዚያ የፍሬኑን እጀታ በጥርሷ ጥርቅም አድርጋ ነከሰች፤ ሸራዎቹ ዲስኩን ከግራ ከቀኝ ጨበጡት፣ ብረቱም ቦታውን ያዘ። እንደነከሰች ብሎኖቹን ታጠብቅ ጀመር፤ ይሄኛውን ትንሽ፣ ያኛውን ትንሽ። አፏን ከከፈተች ሁሉም ተመልሶ ይዛባል።

«ምነው ዘጋሽኝ?» አለ ቀበሮ። «ወይስ ያቺ ልጅሽም እንዳንቺው ደንቆሮ ናት?»

የአህያ ጆሮ ቀጥ አለ። ማናፋት ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ዋጠችው። ጅቡ ብስክሌቱን እየገፋ ቀረበ፤ ትንፋሹ ሸተታት። ይሄኛውን ትንሽ፣ ያኛውን ትንሽ... ጠበቀ።

ፊጥ ብላ ወጣች። ጎማው ዞረ፤ ፍሬኑ ጭጭ አለ። ጠጠር ብቻ ተንኮሻኮሸ።

ጅቡ ባነነ። «ሄደች! ለካ ፍሬኗን ፈትታ ጥላው ነው ዝም ያለችው!» አለና የራሱን ፍሬን ገንጥሎ ወረወረ። ቀበሮን አፈፍ አድርጎ ጫነና ቁልቁል ተለቀቀ።

«ኧረ ተው አያ ጅቦ! አውርደኝ!»

«አንተው አይደለህ እንዴ የመከርከው?»

አህያ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ እጀታውን ጨበጥ አደረገች። ብስክሌቷ ዝግ አለችላት። በጎኗ አንድ ነገር ሽው ብሎ አለፈ።

«እኔ እኮ ለሷ ነው ያልኩት!» የሚል ጩኸት ከገደሉ በኩል ተሰማ። ከዚያ ጸጥ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ያለፈው?»

«ችኩል ጅብ ነው ልጄ። ጥብቅ አድርገሽ ያዢኝ፣ መታጠፊያ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ጮኸብን ብለን ነቅለን የምንጥለው ነገር ቁልቁለቱ ላይ የሚያድነን ሊሆን ስለሚችል በትዕግሥት ማቃናት እንደሚሻል ነው።