የካህን ዙር

ከወገራ ወደ ስሜን የሚወጣው የእግር መንገድ፣ አምባ ቀጨሞ ከምትባለው ፍርስራሽ መንደር በላይ፣ ግራና ቀኙ ገደል የሆነ ጠባብ አንገት ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው የአንገቱን ስፋት በሞላ የድንጋይ ክምር ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ሁለተኛው ከገደሉ ወገብ ተፈልፍሎ ክምሩን ይዞርና ከማዶ ይገናኘዋል። ይህኛውን «የካህን ዙር» ይሉታል። የሚሄድበት ስለሌለ ሣር ውጦታል።

የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚሉት መንደሯ የቤተ እስራኤል ነበረች። ካህናቷ በኦሪቱ ሥርዓት መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር፤ የሁሉ አለቃ የሆነው ሊቀ ካህናት ግን የገዛ ልጁም ቢሆን ሬሳ አይነካም፣ መቃብር አይሻገርም፤ ከተሻገረ ክህነቱ ይፈርሳል። በአንድ የፈንጣጣ ዘመን ካህናቱ አልቀው ሊቀ ካህናቱ አባ ሲራክ ብቻቸውን ቀሩ። የሕዝቡ ኃጢአት የሚሰረይበት የአስተሰርዮ በዓል ሲቃረብም አንዲት ልጃቸው ጥሩዬ ታመመች።

ሚስታቸው ትርንጎ የልጅቷን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ስታብስ፣ አባ ሲራክ ጥምጥማቸውን አሥረው ዘንጋቸውን አነሡ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ መቅደሱ። እዚሁ እያለሁ ከሞተች እረክሳለሁ።»

«ገና ትተነፍሳለች እኮ!»

«ትርንጎ፣ ለአገሩ የቀረው አንድ ካህን ነው።»

«ልጅቷስ ስንት አባት አላት?»

እሳቸው ግን ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ ይባላል። አንገቱን ተሻግረው መቅደሱ ወዳለበት ኮረብታ ወጡ።

ጥሩዬ በማግስቱ አባቷን እየጠራች ሞተች። በሽታውን ፈርቶ ሬሳውን የሚሸከም ጎረቤት አልተገኘም። ትርንጎ ልጇን በአንቀልባ አዝላ ወጣች፤ የሄደችው ግን ወደ መቃብሩ ቦታ ሳይሆን ወደ አንገቱ ነበር። መንገዱ መካከል በዶማ ቆፍራ ቀበረቻት፤ ከገደል እስከ ገደልም ድንጋይ ከመረችበት።

በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ከታች ሆኖ የመሥዋዕቱን ጭስ አየና እልል አለ። አባ ሲራክ ሲመለሱ ክምሩ መንገዱን ዘግቶ፣ ትርንጎም ከወዲያ ተቀምጣ አገኟት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልጅዎ ናት። ቤትዎ ከእሷ ወዲህ ነው፤ ይሻገሩና ይግቡ።»

አልተሻገሩም። ሰዎች ስንቅና መሮ ከማዶ እየወረወሩላቸው እሳቸው ገደሉን ይፈለፍሉ ጀመር። እንደሚነገረው ብዙ ክረምት አለፈ፤ ትርንጎ እየመጣች ከክምሩ ላይ አረም ስትነቅል የመሮውን ድምፅ ትሰማለች፣ ነቅላም ትመለሳለች። ዙሩ አልቆ አባ ሲራክ ወዲህ የወጡ ዕለት ጢማቸው ነጥቶ፣ ጣቶቻቸው ተኮማትረው ነበር።

ትርንጎ እጃቸውን አየች። «ይህን ሁሉ ድንጋይ የፈለፈለ እጅ» አለች፣ «አንድ ግንባር መዳሰስ አቃተው።» ይህን ብላ ክምሩን ተሻግራ ሄደች፤ የት እንደደረሰች የሚናገር የለም። እሳቸው ወደ ቤታቸው ገቡ የሚሉ አሉ፤ ገብተው ግን እሳት ያነደደላቸው አልነበረም።

ዛሬ በመንደሯ ካህን የለም። ዙሩ አለ፣ ክምሩም አለ። የታመመ ልጅ አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትወርድ ሴት፣ ዙሩ ቢቀናትም በዚያ አትሄድም። በክምሩ ላይ ታልፋለች፤ ከማለፏ በፊትም ጎንበስ ብላ አንዱን ድንጋይ በመዳፏ ትዳስሳለች።