ጅራቷን ያጣችው ምልክት

«አንድ ሐኪም ነበረ» አሉ መምህሩ።

ጠያቂው እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም። እሱ መሐንዲስ ነው። አንድ የመስኖ ግድብ ነድፎ ሲያበቃ አለቃው ንድፉን ወሰደና የራሱን ስም ጻፈበት፤ እሱን ወደ ሌላ ክፍል አዛወረው። አሁን ደግሞ ያ አለቃ ወጪ ለመቆጠብ ብሎ ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን የጎርፍ ማስተንፈሻ እንዳጠበበው ሰምቷል። ክረምቱ ደርሷል። «ጋሼ፣ ስህተቱን ለበላዮቹ ብነግራቸው ይቅር አልኩት ማለት አይሆንም?» ብሎ ነበር የጠየቀው። «ዝም ካልኩ እኮ ጎርፉ ሲመጣ የሱ ጉድ ይወጣል።»

መምህሩ ግን ስለ ግድቡ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ይህ ሰው የሕፃናት ሐኪም ነበር። በሚሠራበት ሆስፒታል ልባቸውን ለታመሙ ሕፃናት የሚሰጥ አዲስ መድኃኒት ገባ። ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ገና አልደረሰም። ሐኪሙ ሕፃናቱን ከአልጋቸው አጠገብ ሳይለይ ተከታትሎ፣ ምን ያህል ቢሰጥ እንደሚያድን፣ ምን ያህል ሲሆን እንደሚገድል አጠና። ለውጭ አገር ትምህርት የሚያሳጨው ይህ ጥናት ነበር፤ ሌላ የሚቆጠርለት ሥራ አልነበረውም።

ጥናቱን በስላይድ አሰናዳው። መድኃኒቱ ኃይለኛ ስለሆነ የሚለካው በማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም ማለት የሚሊግራም አንድ ሺሕኛ ነው። የማይክሮ ምልክት ደግሞ ጅራት ያላት የግሪክ ፊደል ናት፤ ኪቦርድ ላይ አትገኝም። ሐኪሙ ተማሪ ሳለ የለመደው ዘዴ ነበረው። ተራዋን የእንግሊዝኛ ኤም ይጽፍና ፎንቷን ወደ ምልክቶች ፎንት ይለውጣል። ያን ጊዜ ኤሟ ጅራት ታወጣለች፣ ማይክሮ ትሆናለች። «ያነሰ ወይም እኩል» የሚለውንም ምልክት ያመጣው ከዚያው ፎንት ነው። በዚያ ሆስፒታል ሁሉም እንዲህ ነበር የሚጽፈው። ያች ማይክሮ ግን ከላይ ፎንቱን ለበሰች እንጂ ከውስጥ ያው ኤም ናት።

የክፍሉ ኃላፊ አንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ነበሩ። በክፍሉ ወግ እሳቸው ያላዩት ጥናት ከደጅ አይወጣም። «ፍላሹን አምጣው እስቲ፣ ዓይን ልጣልበት» አሉት። ሰጣቸው።

ጥናቱ በሚቀርብበት ጉባኤ ዕለት ሐኪሙ አዳራሽ ሲገባ ከጥናቱ ሥር የተጻፈው የሳቸው ስም ብቻ ሆኖ አገኘው። የእሱ ተፍቋል። ፕሮፌሰሩ በዚህ አላቆሙም። ሥራው በመልኩም የራሳቸው እንዲሆን ጽሑፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ መርጠው በሚወዱት ፎንት ለወጡት፤ ቀለሙንም ሰማያዊ አደረጉት። መልሰው አላነበቡትም። ሰው የራሱን ያነባል፤ የወሰደውን ያስጌጣል።

አዳራሹ ከየወረዳው በመጡ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ተሞልቷል። ሐኪሙ ከኋላ ተቀመጠ። ጥርሱን ነክሶ ሲያዳምጥ፣ የሕፃናቱን ዕድሜ የሚያሳየው ስላይድ መጣ። «ያነሰ ወይም እኩል» በነበረበት ቦታ፣ ፎንቱ ስለተለወጠ፣ የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት ቆሟል።

«ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ!» አለ አንድ ቀልደኛ የጤና መኮንን። «የስድስት ወሩ ሕፃን በፓውንድ ነው የሚታከመው?»

«በብር ቢሆንልን ምናለ!» አለ ሌላው።

«በብርማ ማን ዘወር ብሎ ያይሃል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፕሮፌሰሩ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና «ኮምፒውተር ነው፣ ተዉት» ብለው አለፉት። ከሁሉ አብዝቶ የሳቀው ሐኪሙ ነበር። እንዲያ ከሳቀ ቆይቶ ነበር።

ቀጥሎ የመጠኑ ስላይድ መጣ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ከቁጥሩ ጎን ግን ማይክሮዋ ጅራቷን አጥታ ተራ ኤም ሆናለች። ማይክሮግራሙ ሚሊግራም ሆኗል፤ መጠኑ ሺሕ እጥፍ ነው።

የሳቀ የለም። ፓውንዱን ሁሉም ያየው አስቂኝ ስለሆነ ነው። ኤም ግን ደንበኛ ፊደል ናት፤ ሚሊግራምም ነርስ ሁሉ በየቀኑ የሚለካበት ነው። መድኃኒቱን ደግሞ ከዚያ በፊት ያየው የለም። ፕሮፌሰሩም ቁጥሩን ከነስህተቱ ጮክ ብለው አነበቡት።

ሐኪሙ ወዲያው ገባው። በልቡም «በለው!» አለ። ዛሬ በሳቸው ስም ይውጣ፤ ነገ ጥፋቱ በሳቸው ስም ይመለሳል። ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሰረቀው ያን ጊዜ ይታወቃል። እሱ አንድም ነገር ማድረግ አይጠበቅበትም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ፍርድ እንዲህ ቀሎ መጥቶለት አያውቅም።

ከኋላው የተቀመጠች ነርስ ትከሻውን ነካችው።

«ወንድሜ፣ እስቲ ጎንበስ በልልኝ፣ ላንሣው። ሰሞኑን እኛም ጋ ይደርሳል ብለውናል።»

ጎንበስ አለላት። ከአንገቱ በላይ ስልኳ ቀጭ አለ። ቀና ሲል አዳራሹ በሙሉ ስልኩን አንሥቷል። አንድ ሰው ቢሳሳት አባብለህ ታርመዋለህ፤ በየኪሱ ገብቶ በየወረዳው የሚበተን ሥዕል ግን በምን ይመለሳል?

ተነሣ። «ፕሮፌሰር፣ መጠኑ ተሳስቷል። ሚሊግራም አይደለም፣ ማይክሮግራም ነው።»

አዳራሹ ዞሮ አየው። ፕሮፌሰሩ ወደ ስላይዱ ዞር አሉ፣ ከዚያ ወደሱ። የገባቸው መሆኑን ከፊታቸው አየ። ፈገግ አሉ።

«አመሰግናለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ፤ ወደ ተሰብሳቢውም መለስ ብለው፦ «ጽሑፉን የተየበልን እሱ ነው። እንግዲህ ወጣት አይደለ፣ ይቸኩላል። እጁ ስቶት ነው።»

«ፓውንዱም ያንተ ነው?» አለ ቀልደኛው። እንደገና ተሳቀ።

የሐኪሙ ጆሮ ጋለ። ከዚያ ሁሉ ሥራ የደረሰው ድርሻ ስህተቱ ብቻ ሆነ፤ ያውም ያልሠራው ስህተት። አፉን ከፈተ። «ስሜን ሲፍቁ ነው የተበላሸው» ሊል ነበር። ሰዎቹ ግን እየሳቁ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ ነው። አሁን ክርክር ቢያነሣ የማን ነው፣ የማን አይደለም ሲባል የሻይ ሰዓት ይደርሳል፤ ሰዉ ጠቡን እያወራ፣ ኤሟን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ቢል ግን የሚጠራጠረው የለም። የገዛ ጥፋቱን ለሚናገር ሰው ማንም ማስረጃ አይጠይቀውም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። «ፎቶውን አጥፉ። ሁላችሁም፣ አሁን፣ እዚሁ። በዚህ መጠን የተሰጠው ሕፃን ይሞታል።»

ሳቁ ቆመ። ወደ ፊት ሄዶ በፕሮፌሰሩ ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ አለና ማይክሮዋን በቦታዋ መለሰ። «እንደገና አንሡ» አለ። ነርሷን ፈልጎ የቀድሞው ፎቶ ከስልኳ መጥፋቱን በዓይኑ አየ። ከዚያ ወጣ።

መምህሩ ወሬያቸውን እዚህ ላይ ቋጩ።

«ስሙ ተመለሰለት?» አለ መሐንዲሱ።

«አልተመለሰለትም። የውጭ ትምህርቱም ቀረ። ‹እጁ የሚስተው ልጅ› ተብሎ ታለፈ።»

«እና ፕሮፌሰሩን ይቅር አላቸው?»

«አላላቸውም። ማን ይቅር በል አለው?» መምህሩ ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። «ያንተም ነገር እንደዚሁ ነው። አለቃህ ፕሮፌሰሩ ነው፤ የጠበበው ማስተንፈሻ ኤሟ ናት። ከግድቡ በታች የሚኖሩት ደግሞ ስልክ የያዙት ናቸው፤ የታያቸው ነገር የለም። አንተ ማረምና ይቅር ማለት አንድ መስሎህ ስትጨነቅ ከረምክ። ሐኪሙ አርሞ ወጣ፣ ቂሙንም ይዞ ወጣ። አንተም ሄደህ ተናገር። ምናልባት ስህተቱን በአንተ ላይ ያላክኩ ይሆናል፤ ያላክኩ። ስትመለስ አለቃህን እንደጠላኸው ተመለስ፤ እሱን አልከለክልህም። ቂምህ በጋውንም ክረምቱንም ይችላል። ግድቡ ግን ክረምቱን አይችልም።»