ብረት የሆኑት እንግዶች

ተረት ልንገራችሁ፤ ግን ጠጋ በሉ። ዛሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማወራበት ጉልበት የለኝም። ተረቱም እንደኔ የደከመው ነው፤ በረቱን ክፈቱለትና ቀስ ብሎ ይግባ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ አፍ፣ ሸክላውም ሁሉ ጆሮ በነበረው ዘመን፣ በእትዬ ዘርትሁን ጓሮ አንድ ያረጀ ውሻ ይኖር ነበር። ስሙ ምንቸገረኝ ይባላል። ስሙን ያወጡለት እትዬ ዘርትሁን ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር ተኳርፈው በነበረ ጊዜ፣ ውሻውን በጠሩ ቁጥር ጎረቤቲቱ ትስማ ብለው ነው። ኋላ ሁለቱ ሴቶች ታረቁ፤ ስሙ ግን ውሻው ላይ ቀረ።

ምንቸገረኝ ደክሞታል። ጅብ ሲያባርር አርጅቷል፣ ሌባ ሲያባርር አርጅቷል፣ የሰርግና የለቅሶ እንግዳ ሲቀበልና ሲሸኝ አርጅቷል። አሁን ጥርሱ ሳስቷል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። የሚፈልገው ከጌሾው ሥር፣ አንገቷ ከተሰበረው እንስራ አጠገብ ተጋድሞ መዋል ብቻ ነው። እንስራይቱም እንደሱ ናት፤ ውሃ መያዝ ሲያቅታት ከጓዳ ወጥታ ጓሮ ተጣለች። ሁለቱ ጡረተኞች ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተጋድመው ይውላሉ፤ ብዙም አያወሩም።

አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአጥሩ ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች፣ የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፤ ያሳድሩን።»

ምንቸገረኝ ዓይኑን አልገለጠም። እትዬ ዘርትሁን መሽቶበት ለመጣ መንገደኛ ሁሉ ምን እንደሚሉ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማ ኖሯል። በእንቅልፍ ልቡ እሳቸው የሚሉትን አለ።

«ቤት ለእንግዳ።»

ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። ከፊቱ የቆመችው እመት ጥንቸል ናት። ሁለት ልጆቿ ሆዷ ሥር ተሸጉጠዋል፤ ገና ጡጫ አያህሉም።

ውሻና ጥንቸል እንግዲህ ታውቃላችሁ። በጉብዝናው ዘመን ስንቷን ጥንቸል ሜዳ ለሜዳ አሯሩጧታል። አፉ ምራቅ ሞላ። ግን ምን ያድርግ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቤት ለእንግዳ ካለ ብሏል። የመሸበትን አስገብቶ መብላት ደግሞ እንኳን ለውሻ ለጅብም ነውር ነው።

«እመት ጥንቸል፣ ሳላይሽ ነው ያልኩት» አላት።

«አውቃለሁ፣ አያ ምንቸገረኝ። ቢያዩኝማ አይሉም ነበር» አለች። «ሜዳው ላይ ቀበሮ ጠረኔን ይዞ ይከተለኛል። ስለዚህ ቀን ቀን ከልጆቼ እርቃለሁ፤ ሲመሽ ብቅ ብዬ አጠባቸዋለሁ። ሦስት ቀን ይታገሱኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ እግራቸው ይጸናል፤ አጥሩን ዘለው ይከተሉኛል።»

«ሦስት ቀን» አለ ምንቸገረኝ። ሦስት ዓመት መስሎ ታየው።

ያን ጊዜ እንስራይቱ አፏን ከፈተች። «የኔ ሆድ ባዶ ነው። ውሃ መያዝ ቢያቅተኝ ልጅ መያዝ አያቅተኝም። አስገቢያቸው።»

ትንንሾቹ እንስራይቱ ሆድ ውስጥ ገቡ። እናታቸው አጥሩን ዘላ ጠፋች። ምንቸገረኝ እያቃሰተ ተነሣና የእንስራይቱን አፍ በጀርባው ዘግቶ ተኛ።

በነጋታው ጠዋት እመት ድመት መጣች። እሷም የዚያው ቤት ናት። ድመት ክፉ አይደለችም፤ ድመት ናት እንጂ።

«አያ ምንቸገረኝ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«እርጅናዬ ነው።»

«እርጅናህን አውቀዋለሁ። ይሄ ግን ያስጎመጃል።»

«እንግዶች አሉብኝ» አለ፤ መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል።

ድመት ቁጭ ብላ ጢሟን ጠረገች። «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው ይላሉ የቤቱ ሰዎች። ወርቅ አይነካም። በል ይዋሉ» ብላ ሄደች።

ሄደች ማለት ግን ሄዳ ቀረች ማለት አይደለም። ከቤቱ ግንብ ላይ ወጥታ ዓይኗን አጥብባ ተቀመጠች። ምንቸገረኝ መተኛት አልቻለም። ሽፋሽፍቱ ሲከደን እንስራይቱ «አያ» ትለዋለች፤ እሱም «አለሁ» ይላታል። «አያ።» «አለሁ።» «አያ።» «አለሁ።» እንዲህ ሲባባሉ ዋሉ። ሲመሽ እናት መጣች፣ አጠባች፣ ሄደች።

በሁለተኛው ቀን ቤት ውስጥ በግ ታረደ። እትዬ ዘርትሁን የጓዳውን በር ከፍተው «ምንቸገረኝ፣ እንካ» ብለው አጥንት ወረወሩ። ቅልጥም ነው። የወደቀበት ቦታ ሩቅ አይደለም፤ ግን ተነሥቶ መሄድ ያስፈልጋል።

ድመት ከግንቡ ወረደች። «አያ፣ ትኩስ ቅልጥም ነው። ሂድና አምጣ፤ እኔ እጠብቅልሃለሁ።»

«አንቺ ልትጠብቂያቸው?»

«ከኔ የተሻለ ዓይን ያለው ማን አለ?»

«ዓይንሽንማ አየሁት» አለ ምንቸገረኝ።

ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጠረኑ አፍንጫው ድረስ መጥቶ ለመነው። ምራቁን ዋጠና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ፊት ማዞሩም አደከመው። ትንሽ ቆይቶ ጭልፊት ከላይ ወርዶ ቅልጥሙን ነጥቆ ሄደ።

«እንግዳ በሁለተኛው ቀን ብር ነው» አለች ድመት ጅራቷን እያወዛወዘች። «ብርም አይነካም መሰለኝ። ነገ ግን ሦስተኛው ቀን ነው፣ አያ። ሰዎቹ ስለ ሦስተኛው ቀን ምን እንደሚሉ ታውቃለህ።»

ያውቃል። ድመት ከሄደች በኋላ ምንቸገረኝ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ምን ክፉ ቀን ነው ያቺን ቃል ያናገረኝ» አለ። «ደክሞኛል እኮ። በጣም ደክሞኛል።»

«ምንቸገረኝ ተብሎ ምን ቸገረህ?» አለች እንስራይቱ። መቀለዷ ነው።

«ስሜን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

ከጀርባው የትንንሾቹ ልብ ሲመታ ይሰማዋል። በጉብዝናው ዘመን ያ ምት ደሙን ያሞቀው ነበር። አሁን ግን አሳዘነው። አዎ፣ ውሻ ለጥንቸል አዘነ። ቢበላቸው አንድ ጉርሻ አይሞሉም፤ ለእናታቸው ግን ሁለንተናዋ ናቸው ብሎ አሰበ።

ሦስተኛው ቀን ሆነ። ድመት አልተደበቀችም። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች በጓሮው መሐል ቀጥ ብላ መጣችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አያ፣ ሦስተኛው ቀን ነው።»

«ነው።»

«እንግዳ በሦስተኛው ቀን ምንድን ነው?»

ምንቸገረኝ ጀርባውን ወደ እንስራይቱ አፍ አስጠጋ።

«ብረት ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የቤቱ ባለቤቶች ናቸው። ወርቅነታቸው አለቀ፣ ብርነታቸው አለቀ። አንተም ቃልህን ጠብቀሃል፤ ማንም አይወቅስህም። ደክመሃል፣ ሂድና ተኛ። ዞር በልልኝ።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ሊረታው ነበር። ሂድና ተኛ የሚለው። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ቅልጥሙ እንኳ እንደዚህ አልፈተነውም።

ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልወጣም። ሊነሣ ሞከረ፤ የኋላ እግሩ አልታዘዘውም። ጥርሱን ሊያሳያት አሰበ፤ የጥርሱን ነገር እሷም ታውቀዋለች። የቀረችው ምላሱ ብቻ ነበረች።

«ብረት ናቸው አልሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«ብረት ናቸው።»

«ልብ ብለሽ ነው?»

«ልብ ብዬ ነው። ብረት ናቸው።»

«እንግዲያው ምን አስቸኮለሽ፣ እመት ድመት? ወርቅ ቢሆኑ ትሰርቂያቸው ነበር። ብር ቢሆኑ ትመነዝሪያቸው ነበር። ብረት ምን ያደርግልሻል? ብረት ቆርጥማ ጠግባ ያደረች ድመት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ድመት ጆሮዋን አጠፈች። «ነገር አታጣም። ተረት እኮ ነው።»

«ያመጣሽው አንቺ ነሽ።»

«እስቲ ብረት መሆናቸውን ልይ» አለችና መዳፏን በጀርባውና በሸክላው መካከል ሰደደች።

ውስጥ ያሉት ደነገጡ። ደንግጠውም የኋላ እግራቸውን ሰነዘሩ። እናታቸው እስኪጸና የምትጠብቀው እግር ያ ነው። አንዱ ምት የድመትን ጥፍር አገኘው፤ ሌላው ሸክላውን። «ጓ» አለች እንስራይቱ። «ጓ፣ ጓ» አለች ደግማ፣ የአንጥረኛ ቤት መሰለች።

ድመት መዳፏን ነጥቃ አወጣች። ጥፍሯን እየላሰች ጥቂት ቆመች።

«እውነትም ብረት» አለች። ወደ ጓዳ ሄዳ አይጥ መጠበቅ ጀመረች። አይጥ እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

እንስራይቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አዲስ ስንጥቅ ወጣብኝ» አለች።

«ይቅርታሽን።»

«ግድ የለም። ወትሮስ መች ውሃ ልይዝ?»

ሲመሽ እናት መጣች። ምንቸገረኝ ገለል ለማለት ብዙ ደከመ። ትንንሾቹ ወጡ፣ አየሩን አሸተቱ፣ አንድ ጊዜ ዘለሉና ከአጥሩ ማዶ ተገኙ። አላመሰገኑም። ልጆች ናቸው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳ የመሰላቸው ነገር ውሻ እንደ ነበረ እንኳ አያውቁም።

«እግዜር ይስጥልን፣ አያ ምንቸገረኝ» አለች እናታቸው። «ምን ላድርግልዎ?»

«ሌላ ጊዜ ስትመጪ መጀመሪያ ቀስቅሺኝ» አላት። «ከዚያ በኋላ ለምኚኝ።»

ጥንቸል ሳቀችና አጥሩን ዘላ ሄደች። ምንቸገረኝ ወደ ጌሾው ሥር ለመሄድ አሰበ፤ ግን ሩቅ ሆነበት። እዚያው እንስራይቱ አፍ ላይ ወደቀ።

ሲነጋ እትዬ ዘርትሁን ጥራጊ ሊደፉ ወደ ጓሮ ወጡ። ውሻውን አዩት፣ ጎንበስ ብለው እንስራይቱንም አዩ።

«አይ ምንቸገረኝ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እርጅና መጫወቻ አደረገው። ባዶ እንስራ ይጠብቅ ጀመር።»

ምንቸገረኝ ሰምቷል። ራሱን ግን አላነሣም።

«ሰማሃቸው?» አለች እንስራይቱ፣ ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ።

«ሰማሁ።»

«ቅር አለህ?»

«ደክሞኛል።»

«እንግዲያው ተኛ። ባዶ የሆንኩት ሁለቱም በገዛ እግራቸው ስለ ወጡ ነው። ባዶነቴ ያንተ ሥራ ነው።»

ምንቸገረኝ ተኛ። «አያ» የሚለውም አልነበረም።

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦው ለናንተ ይሁን፤ የኔን አፍ በእንቅልፍ አብሱልኝ። ይህቺን ብቻ ይዛችሁ ግቡ፦ አፍ ይደክማል፤ ከአፍ የወጣ ቃል ግን አይደክምም።