አንድ ስንዝር ሲቀረው

አንድ ግንበኛ ነበር። ገላውን ሲታጠብ የዘር ፍሬው ላይ ጠጠር የመሰለ እብጠት ዳሰሰ። አትሳሳቁ! እዚያ ኋላ ያላችሁ፣ አዎ፣ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ የዘር ፍሬ አልኩ። እግዚአብሔር ሲፈጥረው አላፈረበትም፤ እኔ ስጠራው ለምን አፍራለሁ? ታሪኩንም ራሱ ባለቤቱ «ይናገሩልኝ» ብሎኛል።

ሁለት ወር ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ አስናቀች ግን ፊቱ መጥቆሩን አይታ፣ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሲገባ ሐኪሟ በዕድሜ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ሴት ናት። «ምንዎን ነው የሚያምዎት አባቴ?» አለችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ኩላሊቴን!»

ጤነኛ ኩላሊቱን! ሐኪሟ ምን ታድርግ? ነቢይ አይደለች። አልትራሳውንድ አዘዘችለት። ተጋደመ፣ ጎኑን ቅባት ቀቡት፣ ኩላሊቱን አዩ፣ ፊኛውን አዩ። እብጠቱ ጋ ለመድረስ አንድ ስንዝር ነው የቀረው! ባለሙያው እንዲያውም ጠየቀው፤ «ሌላ የሚያምዎት ቦታ አለ?»

«የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

አይ ሰው! እግዚአብሔርን ለውሸቱ ምስክር ጠራ።

ውጤቱ ኩላሊቱ ደኅና ነው የሚል ሆነ። አስናቀች ተስላ ነበርና ጃንጥላ ይዛ መጣች። እዚሁ ቆማ «ባሌን ማረልኝ» አለች፣ እኛም እልል አልን። እሱስ? አብሮ አጨበጨበ። እብጠቱን ተሸክሞ አጨበጨበ!

ከአምስት ወር በኋላ መራመድ አቃተው። ያን ጊዜ አስናቀች ጉዱን አወቀች፤ ይዛው ሄዳም ለሐኪሟ ራሷ ተናገረች። መሣሪያው አሁን ቦታው ላይ አረፈ። እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ሳይሆን ጠጣር ዕጢ ሆኖ ተገኘ። በሌላ ምርመራ ደግሞ ወደ ሆዱ መዛመቱ ታወቀ። ቀዶ ጥገናው ተደርጓል፤ ሕክምናው ግን ገና አላለቀም፣ ይዳን አይዳን አናውቅም። «ምነው ያን ዕለት በነገሩኝ!» ብላ ሐኪሟ አዘነች።

ልጠይቀው ስሄድ ምን አለኝ መሰላችሁ? «አባ፣ ያ ማሽን ያኔ ለምን አላየውም?»

ተናደድኩ! በታመመ ሰው መናደድ አይገባም፣ ግን ተናደድኩ። «መቼ አሳየኸውና?» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ምእመናን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትላላችሁ። ለተረቱማ ማን ብሏችሁ! ንስሐ ስትገቡ ግን ምንድን ነው የምትነግሩኝ? «አባ፣ ረቡዕ ሳላስበው ወተት ቀመስኩ።» ወተት! ከወንድምህ ጋር ሰባት ዓመት ተኮራርፈህ ወተት ትነግረኛለህ? የእንጀራ ልጅሽን በየቀኑ እያስለቀስሽ ወተት? «ሌላስ?» እላለሁ። «ሌላ የለም አባ።» የደበቃችሁትን እኔ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ?

እንግዲህ እብጠት ያለበት ወንድ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይሂድ። ኩላሊቴን ነው እንዳይል ብቻ! ሌሎቻችሁን ደግሞ ዛሬ ከጉባኤው በኋላ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ፤ «ሌላስ?» ብዬም እጠይቃችኋለሁ። ይሄ ከራሴ በላይ የተዘረጋው ጃንጥላ የአስናቀች ስለት ነው። እሱን እያያችሁ መልሱልኝ።