ወዳጆ ሻጋታን አንቱ ያለ ዕለት

ጠጋ በሉ ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ጫካው እስከ ሰው ደጃፍ በሚደርስበት ጊዜ፣ ወዳጆ የሚባል ሰው ነበር። ምላሱ ፈጣን፣ እጁ ሰነፍ። ሚስቱ ድንቄ ደግሞ ቀፎ ሰቅላ ማር የምትቆርጥ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች።

በዚያ ጫካ ዛፍ ላይ የሚኖር ነጭ አበባ ነበር። ሥሩ አፈር አይነካም፤ ቅርፊት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ሽታው ንቦችን ከሩቅ ይጠራል።

ወዳጆ አበባውን ከነሥሩ እየነቀለ ለአገሩ ንግሥት መውሰድ ጀመረ። ሲወስድ ይጋበዛል፣ ሲጋበዝ ይመሰገናል፣ ሲመሰገን ተመልሶ ይነቅላል። እንዲህ እንዲህ ሲል አበባው ከጫካው አለቀ። ቤተ መንግሥት የገባውም ደረቀ። በንግሥቲቱ መስኮት ላይ አንዲት ብቻ ተረፈች።

ንቦቹ አገር ለቀው ሄዱ። የድንቄ ቀፎዎች ባዶ ቀሩ። ንግሥቲቱም ጠጅ ብትጠይቅ ውኃ ቀረበላት።

ወዳጆን አስጠራችው። «ጫካዬን ያራቆትከው አንተ ነህ። አበባውን መልስ፤ አለዚያ ከአገሬ ትወጣለህ» አለችና የተረፈችውን አበባ ፍሬ ሰጠችው። ፍሬዋን ቢከፍታት ዘሩ እንደ ዱቄት ቦነነ።

ድንቄ ይህን ስትሰማ፣ «አንተ ከወጣህ እኔም መውጣቴ ነው። የእናቴ መቃብር ግን እዚህ ነው» አለችው። ወዳጆ የተረፈውን ዘር ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ በለሰለሰ አፈር ዘራው። ጠበቀ፤ አልበቀለም። ቀጥሎ በፍግ ላይ ዘራው። ጠበቀ፤ አልበቀለም። በመጨረሻ ዛፍ ላይ ሊዘራው ሄደ። ቅርፊቱ ላይ ግን ነጭ ሻጋታ አየና ተጸይፎ በውኃ ይፈገፍገው ጀመር።

«ቀስ በል እንጂ፣ ቆዳዬን ላጥከው» አለ ሻጋታው።

«ዞር በል አንተ ቆሻሻ። የንግሥቲቱን ዘር ልዘራ ነው።»

ሻጋታው ሳቀ። «ባቄላ ስንቁን በሆዱ ይዞ ይወለዳል። ይሄ ዱቄትህ ግን ምንም ስንቅ የለው። እንደ ድር የቀጠነ ክሬን ሰድጄ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። አፈሩ ውስጥ የለሁም፣ ፍጉ ውስጥ የለሁም፤ አሁን ደግሞ ካለሁበት ልታጥበኝ ነው።»

ወዳጆ ዘዴ ፈለገ። «ዘሩን ብታጎርስ ንግሥቲቱ ካባ ትሸልምሃለች» አለው።

«የቱ ትከሻዬ ላይ ልደርበው?»

«እንቢ ካልክ ታሳስርሃለች።»

«የቱን እጄን?»

ወዳጆ የማጠቢያውን ውኃ ደፋው። ከዛፉ ሥር ቁጭ አለ። «አበባውን የጨረስኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሚስቴ በእኔ ጥፋት ከእናቷ መቃብር ልትለይ ነው። እባክዎ ይርዱኝ።»

«አሁን ገና ሰው አናገረኝ» አለ ሻጋታው። «ቅርፊቴን አትፈግፍግ፣ ዛፌን አትቁረጥ፣ የበቀለውን አትንቀል። ዘሩን በትንና ታገሥ።»

ወዳጆ ዘሩን በተነ። ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ሄደ። የንግሥቲቱ መልእክተኛ መጥቶ «የታለ አበባው?» አለ። ወዳጆ ቅርፊቱ ላይ የቆመች አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አሳየው።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት። ቀስ ብለህ ተንፍስ።»

መልእክተኛው እየሳቀ ሄደ፤ ንግሥቲቱም ስቃ ጊዜ ሰጠችው። ከብዙ ክረምት በኋላ ዛፉ ነጭ ለበሰ። አንድ ጠዋት ድንቄ ቀፎዋ ውስጥ እምምም የሚል ድምፅ ሰማች። እንስራዋን አስቀምጣ ጆሮዋን ቀፎው ላይ ለጠፈች፤ ዕንባዋ ወረደ።

ንግሥቲቱም ልታይ መጣች። «አንዷን ለፀጉሬ ቁረጥልኝ» አለች።

«ንግሥት ሆይ፣ አልቆርጥም» አለ ወዳጆ። «ማሽተት ከፈለጉ ግን መሰላል አለ።»

ንግሥቲቱ ፊቷ ጠቆረ። ወዳጆን አየች፣ ንቦቹን አየች፣ አበባውን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ መሰላሉን ወጣች። ብዙ ቆየች። ስትወርድ አፍንጫዋ በቢጫ ብናኝ ተለቅልቆ ነበር፤ የሚነግራት ግን አልተገኘም። ወዳጆንም የጫካው ጠባቂ አድርጋ ሾመችው።

እና ልጆች፣ ያማረ ነገር ስታዩ ከመንቀላችሁ በፊት ማን እያጎረሰ እንዳሳደገው ጠይቁ። እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለታናናሾቻችሁ ንገሩ።