የዝግባ በር ሙሽራና ሦስተኛው ቅጠል

ዝግባ በር በሚባለው መንደር የሚያገባ ሙሽራ ሚዜዎቹን አስከትሎ የሙሽሪት ደጃፍ ሲደርስ ዐይኑ በነጠላ ይሸፈንና ሦስት ቅጠል ተራ በተራ ይሰጠዋል። እሱም ዳብሶ፣ አሽቶ፣ አሽትቶ የየዛፉን ስም እንዲናገር ይጠየቃል። ሁለቱ ጥድና ዝግባ ናቸው፤ ነገር ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

እንደሚነገረው ልማዱን ያመጣው አያ ጓሉ የሚባል ገበሬ ነው። አያ ጓሉ ቤት ሲሠራ ጎረቤቱን ለምሰሶ የሚሆን ጥድ ቆርጦ እንዲያመጣለት ይለምነዋል፤ ጎረቤቱም ዛፍ የማይለይ፣ ግን አላውቅም ማለት ሞት የሚመስለው ሰው ኖሮ፣ ዝግባ ልጦ አምጥቶ «ጥድ ነው፤ እኔን እመነኝ» ይለዋል። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም፤ ዝግባን ግን ይወደዋል። በሦስተኛው ዓመት፣ በልጁ በአንጓች ክርስትና ዕለት፣ ምሰሶው ተንጋደደና ጣሪያው የጠላው ጋን ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ተረፈ፤ እንግዶቹ ያለቀሱት ለጠላው ነው ይባላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አያ ጓሉ ከዚያ ወዲያ ቅጠል ሳያሸት ዛፍ የማያልፍ ሆነ፤ ልጁንም ጥድና ዝግባ ለማይለይ እንደማይድር ማለ።

አንጓች ስታድግ ይርዳው የሚባል የቆላ ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ችግሩ ይርዳው ግራር ብቻ እያየ ያደገ ነውና እሾህ የሌለውን ዛፍ ሁሉ «ጥድ» ይል ነበር።

«ዝግባ ቅጠሉ ረዘም፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ብታሸው እንደ ጥድ አይሸትህም» እያለች ምንጭ ዳር አስተማረችው። «ጥድ ሲያረጅ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፤ ልጅ ሳለ ግን ይዋጋል፣ እንዳያታልልህ። ከተሳሳትህ አባባ ለሌላ ይድረኛል።»

ይርዳውም ጣቱ ሙጫ ሙጫ እስኪል ቅጠል ሲያሽ ከረመ።

የሠርጉ ቀን ደርሶ በአያ ጓሉ ደጃፍ ዐይኑ ሲሸፈን ዝግባውን ለየ፣ ጥዱንም ለየ። ደስታውን ሳይጨርስ አያ ጓሉ ሦስተኛ ቅጠል በእጁ አኖረለት። ይዋጋል፣ ግን ለስላሳ ነው፤ ይሸታል፣ ግን የጥድ ሽታ አይደለም። ይርዳው ደግሞ አሸው፣ ደግሞ አሸተተው። በድፍረት «ጥድ» ቢል ምናልባት ይሆንለታል፤ አላውቅም ካለ ግን አንጓች ከእጁ መውጣቷ ነው። እየፈራ እንኳ፣ እሷ ባለችበት መዋሸት አስጠላው።

«አያ፣ ይኸን አላውቀውም» አለ።

አያ ጓሉ ነጠላውን ከዐይኑ ፈታለት። «ቤቴን የጣለብኝ አላውቅም ያለ ሰው አይደለም» አለው። «ግባ፣ ልጄ።»

የዚያን ቅጠል ስም አያ ጓሉ ራሱም አያውቀውም ነበር የሚሉ አሉ።

ዛሬም ሦስተኛው ቅጠል ከሩቅ አገር ተፈልጎ ይመጣል፤ ሙሽራው «አላውቀውም» ሲል እልልታው ይቀልጣል። ይህን የሰማ አንድ ሙሽራ አምና ገና የመጀመሪያውን ቅጠል እንደያዘ «አላውቀውም» ቢል፣ የሙሽሪት አያት ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ «አላውቅም የሚባለውማ ካሸተቱ በኋላ ነው፣ ልጄ» አሉት። ሙሽራውም በሚዜዎቹ ሣቅ መካከል ቅጠሉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።