የግራዝማች ውብእሸት ነዶ

ያለፈን ነገር ቆፍሮ አውጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ራሱ የሚገባ ሰው ሲገጥመን የምንላት አባባል አለች። አባባሏን ሁሉም ያውቃታል፤ መነሻዋ አንዲት የገብስ ነዶ መሆኗን ግን ብዙው ሰው አያውቅም።

ግራዝማች ውብእሸት የሚባሉ ባለ ሰፊ ማሳ ነበሩ። የትኛው በሬያቸው በየትኛው ዓመት እንዳነከሰ ሳይቀር ያስታውሳሉ፤ በዚህም ሲኮሩ ለጉድ ነው። አንድ ዓመት ገብሳቸው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ አንዲት ነዶ ማሳው ጥግ ላይ ቀረች። ስምንት ቀን ቆየች። በዘጠነኛው ቀን ያልጋነሽ የምትባል፣ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከሩቅ አገር የመጣች ሴት ተሸክማ ወሰደቻት። ግራዝማች ከሰሷት። ሌባ ከተባለች ከነልጆቿ ከቀዬው መባረሯ ነው።

ሸንጎው ከሾላው ሥር ተቀመጠ። ያልጋነሽ ዘመድ የላትምና አያ ስንሻው የሚባሉ ሽማግሌ ዋስ ሆነው አጠገቧ ቆሙ።

«አልክድም፣ ጌቶቼ» አለች። «በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ነው የወሰድኳት። ልጆቼ ቆሎ አድርገው በልተዋታል።»

ዳኛው መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ኦሪትን ጠንቅቀው ያውቃሉና ነገሩ ቀለላቸው። «ማሳ ላይ የተረሳ ነዶ ለመጻተኛ፣ ለሙት ልጅና ለመበለት ነው ይላል ኦሪት። ረስቶ የተወውንም ይመርቀዋል። እንግዲህ ግራዝማች፣ ረስተዋት ከሆነ ነዶዋ የእሷ፣ በረከቱ የእርስዎ ነው። ረስተዋት ነበር?»

«አዎ» ቢሉ እኮ ነገሩ እዚያው ባለቀ።

«እኔ ልርሳ?» አሉ ግራዝማች ቱግ ብለው። «እኔ ነገር አልረሳም! ሌባው ማን እንደሆነ ልይ ብዬ፣ አውቄ ነው የተውኳት። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ አያት ነበር።»



«ለተራበ ሰው በእህል ወጥመድ አጠመዱ ማለት ነው» አሉ መሪጌታ። «እሷ ነጻ ናት። እርስዎ ለልጆቿ አንድ ዳውላ ገብስ ይስፈሩ።»

«ድኻ ናት ብለው አደሉላት!»

«አላደላሁም። የወደቀን የማያነሳ ፍርድ፣ በኦሪት ዘንድ ፍርድ አይባልም።»

ገብሱ ተሰፍሮ ሲመጣ ያልጋነሽ ደስታው አስለቀሳት። ግራዝማች አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ያዩት አያ ስንሻው ግን ሳቃቸው አመለጣቸውና፣ «አይ የሰው ነገር! ረስቶ በጸደቀ፣ አስታውሶ ተኮነነ» አሉ።